ሰው አድርጌ እመልስልዎታለሁ

...ፈገግታዬን ደግሞ በሩ ሳይከፈት ነው የምለብሰው፣ እንደ ኮፍያ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የለበስኩት ፈገግታ ነው፣ ጥርሱ የኔ ነው ሌላው የዩኒቨርሲቲው፣ ደወሉን እጫናለሁ፣ አይሠራም፣ አንኳኳለሁ፣ ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፣ የሚጎተት የነጠላ ጫማ ድምፅ ይሰማል፣ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ሚሲሲፒ ውስጥ የሰው በረንዳ ላይ በታኅሣሥ ዝናብ ቆሜ ክራባቴን አስተካክላለሁ። እንደ ኢንሹራንስ ሻጭ። እንደ ሰባኪ። እንደ ሁለቱም።

ሃስኬል ነው የላከኝ፣ የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ዋና አሰልጣኝ፣ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ቢሮው ጠርቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና፣ ቫርኔል፣ አንተ ሳሎኑ የገባህበት ቤት እምቢ ብሎ አያውቅም፣ ይሄን የመሀል ተከላካይ አምጣልኝ፣ አለኝ፣ እሺ አልኩ፣ ምን ልል ነው፣ እንዴት እንደምንከላከል ግን አይጠይቀኝም፣ እሱን የሚጠይቀው ሌላ ሰው ነው፣ የኔን ደብተሮች ያነበበ ሰው፣ ሉዊዚያና ሳለሁ የሠራሁት መከላከል አንድ ሙሉ ዓመት በአሥራ ሁለት ጨዋታ ስምንት ጊዜ ብቻ ነው የተሰበረው፣ ስምንት ጊዜ፣ አገር ጉድ አለ፣ ለዚያኛው ዋና አሰልጣኝ ስታዲየሙ በር ላይ የነሐስ ሐውልት አቆሙለት፣ እኔን በሁለተኛው ዓመት ሸኙኝ፣ ኬክ ቆርሰው። ስሜን ኬኩ ላይ ተሳስተው ጽፈውት ነበር። በላሁት።

ለዋና አሰልጣኝነት አምስት ጊዜ ተጠርቻለሁ፣ አምስት ጊዜ ያቺኑ ሰማያዊ ሱፍ ለብሼ ረጅም ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጫለሁ፣ አምስት ጊዜ፣ በጣም ወደድንህ ቫርኔል፣ አንድ ጥቁር ጠየቅን ለማለት ነው የጠሩኝ፣ ጠየቁ፣ ጻፉ፣ አለቀ። የጥቁር እናት ሳሎን ሲሆን ግን ያለ እኔ ሰው የለም። ጭንቅላቴን አይፈልጉትም፣ ምላሴን ነው የሚፈልጉት፣ እኔም አከራየኋቸው።

በሩ ይከፈታል። ቀጭን ሴትዮ፣ ፀጉሯ ነጭ፣ አጭር፣ መነፅሯ በገመድ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ታየኛለች፣ ከሚገባው በላይ ታየኛለች፣ ኮች ቲስዴል ነዎት አይደል፣ ይግቡ፣ እግርዎን ይጥረጉና። የልጁ አያት መሆኗ ነው፣ ወረቀቱ ላይ አሳዳጊ፣ ሚስ ኦራ ሊ ይላል፣ ልጁ በእናቱ ስም ነው የሚጠራው፣ ትሬሞን ዊትሎክ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ ሲነሳ ጣሪያው ዝቅ አለ፣ አሥራ ሰባት ዓመት፣ አንገቱ እንደ ግንድ፣ እጁን ዘረጋልኝ፣ እጄን ጨበጠው ሳይሆን አቀፈው ማለት ይሻላል፣ ጣቶቼ ጠፉ። አዎ። ይሄ ልጅ ይጫወታል።

እንብላ፣ ትላለች፣ ሲበርድ አይጥምም፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጎመን፣ የበቆሎ ዳቦ፣ እኔም ሥራዬን እጀምራለሁ፣ ምግቡን አመሰግናለሁ ግን ወዲያው አይደለም፣ ሦስተኛው ጉርሻ ላይ፣ ወዲያው ካመሰገንክ ሸፋጭ ነህ፣ ደግሞ ጨምሩልኝ እላለሁ፣ ስልኬን አላወጣም፣ ልጁን አላይም፣ ልጁን አይደለም የምትመለምለው ምግቡን የሠራችውን ነው፣ ይሄን ለስንት ጀማሪ አሰልጣኝ አስተምሬያለሁ፣ ግማሾቹ ዛሬ አለቆች ናቸው። ሚስ ኦራ ሊ፣ ይሄ ዓሣ የጠፋ ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመልሳል፣ ስላት ትሬሞን ሳቅ አለ፣ እሷ አልሳቀችም፣ ሌላ ቁራጭ አደረገችልኝ፣ ብላ፣ አለች። ብላ? ቅድም ይግቡ ብላኝ ነበር። አልፌዋለሁ። ማለፍ እችልበታለሁ።

ከተማዋ ስትቀርብ፣ ከባቡር ሐዲዱ ወዲህ፣ እዚህ መጥቼ አውቃለሁ መሰለኝ አልኩ፣ ግን የት ሄጄ አላውቅም፣ ዴልታው፣ ይሄ የወንዙ ዳር ሜዳ፣ ሁሉም አንድ ነው፣ ውሃ ያዘለ እርሻ፣ የዓሣ ኩሬ፣ የተዘጋ ሱቅ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት፣ አሥራ አንድ ትምህርት ቤት፣ ስንት ሳሎን፣ ስንት እናት፣ ስማቸውን ብይዝ ጭንቅላቴ ውስጥ ለመከላከል ቦታ አይተርፍም። እንዲያ ነው የምለው። ለራሴ።

ሹካዬን አስቀምጣለሁ። ጊዜው ነው። ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ከሆድ፣ የሳሎን ድምፄን፣ ሚስ ኦራ ሊ፣ እላለሁ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔ ኳስ ተጫዋች ፍለጋ አይደለም የመጣሁት፣ ኳስ ተጫዋች ሞልቷል፣ እኔ የምወስደው ልጅ... እዚህ ጋ ዝም ማለት ነው፣ ሦስት ሰከንድ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ዝም እላለሁ፣ ዝምታው ነው ሥራውን የሚሠራው፣ አንድ፣ ሁለት፣

የኔ ልጅ ነው፣ ትላለች።

እሷ ናት። አፏ ይንቀሳቀሳል የኔ ቃል ይወጣል። ሲታመም አስታምመዋለሁ፣ ሲሰንፍ እቆጣዋለሁ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ዲግሪውን አስይዤ፣ ሰው አድርጌ እመልስልዎታለሁ፣ ትላለች፣ ቀስ ብላ፣ የመድኃኒት ዕቃ ላይ ያለ ጽሑፍ እንደምታነብ፣ አንድ ቃል አልሳተችም፣ ከዚያ ቀጥሎ እጅህን ደረትህ ላይ ታደርጋለህ፣ አለችኝ።

ዝቅ ብዬ አያለሁ። እጄ ደረቴ ላይ ነው።

ትሬሞን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ይሄ ልጅ እየሳቀ ነው፣ በክፋት አይደለም፣ ሳቁ አምልጦት ነው፣ እኔ እጄን የት ላድርገው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ የኔ አይመስልም። አላወቅከኝም አይደል፣ ትላለች ኦራ ሊ፣ አሁን እርስዎ መባሌ ቀርቶ አንተ ሆኛለሁ፣ አልቆልኛል፣ ያኔ ሐዲዱ ማዶ ነበርን፣ ሰማያዊው የእንጨት ቤት፣ እያዋዛህ በላህ፣ ያኔም ሁለተኛ አስጨምረሃል። ኮርዴል። ኮርዴል ጌይንስን ታስታውሰዋለህ?

ኮርዴል። ወይ ጉድ። ኮርዴል ጌይንስ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ የወገቡ አጣጠፍ፣ ከጉልበቱ በፊት ወገቡ ነበር የሚቀድመው፣ ሰው ያላስተማረው ነገር፣ በቪዲዮ አይቼው ቴፑን አራት ጊዜ ወደ ኋላ መለስኩት፣ በየካቲት ያኔ ለነበርኩበት ዩኒቨርሲቲ ፈረመልኝ፣ ፈርሞ ሃያ ሦስት ቀን ሳይሞላ ሉዊዚያና ደወለች፣ መከላከሉ ሙሉ ለሙሉ ያንተ ነው አሉኝ፣ ሙሉ ለሙሉ፣ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ማን እምቢ ይላል፣ ሎሬት፣ ሚስቴ፣ ያኔ ሚስቴ፣ ሳህኖቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች፣ ለዚያ ልጅ እናት ደውለሃል? አለችኝ፣ እደውላለሁ፣ መቼ ቫርኔል፣ እደውላለሁ አልኩሽ እኮ! ስልኩን አንስቼ ነበር። እሱን አስታውሳለሁ፣ የስልኩን ክብደት፣ አንስቼ ያዝኩት፣ ከዚያ የጭነት መኪናው መጣ። ሎሬት ስትለየኝ ያለችኝ፣ አንተ የሰው ሳሎን እንጂ የራስህ የት እንደሆነ አታውቅም፣ ነበር፣ ያኔ ተናደድኩ፣ አፏ ጥሩ ነው ብዬ፣ ከኔ የተማረችው ነው ብዬ።

ካርድ ሰጥተኸኝ ነበር፣ ትላለች ኦራ ሊ፣ ጀርባው ላይ የቤትህን ስልክ በእጅህ ጽፈህ፣ ቀንም ይሁን ማታ ይደውሉልኝ ብለህ። አዲሱ አሰልጣኝ ልጄን አላወቀውም፣ ያለ ቦታው አሰለፈው፣ ጉልበቱ ተበጠሰ፣ ቢሮህ ደወልኩ፣ አንዲት ሴት፣ ኮች ቲስዴል እዚህ አይሠሩም አለችኝ፣ የት ነው የሚሠሩት ስላት መናገር አይፈቀድልኝም፣ የቤትህን ደወልኩ ቁጥሩ የለም፣ በዓመቱ ነጻ ትምህርቱን ሲነጥቁት ደግሞ ደወልኩ። የማይሠራ ቁጥር መሆኑን እያወቅኩ። ምን እንደምፈልግ እኔ እንጃ።

ሁሉም ያደርገዋል። ይሄን ልላት ነው፣ አፌ ላይ ደርሷል፣ ሁሉም ያደርገዋል ሚስ ኦራ ሊ፣ ሥራው ነው፣ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ፣ እኔንም እንዲሁ አድርገውኛል፣ ቢሮዬ ስገባ ቁልፉ ተቀይሮ ጠብቆኛል፣ የስንብቴን ዜና ከሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ ነዳጅ እየቀዳሁ፣ ታዲያ እኔ ለማን ነው የምደውለው? እውነት ነው። ሁሉም እውነት ነው። ግን ዓሣዋ ሆዴ ውስጥ ነው፣ ሁለት ጊዜ አስጨምሬ፣ አሁን ይሄን ብላት ምን ዓይነት ሰው ነኝ። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩማ እሷ ታውቃለች።

የጓሮው በር ይከፈታል። ነጭ የጎማ ቦት ጫማ፣ የዓሣ ሽታ፣ በረዶ የነካው ሽታ፣ አንድ እግሩን ትንሽ ዘግይቶ የሚያስከትል ትልቅ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት፣ ጢሙ ላይ ሽበት፣ ከዓሣ ፋብሪካው ፈረቃ መውጣቱ ነው፣ ቦርጭ አውጥቷል፣ ግን ትከሻው፣ ያንን ትከሻ የት ባየው አውቀዋለሁ፣ ውሸት፣ ቅድም ልጁ ላይ አይቼው አላወቅኩትም፣ ኮርዴል ነው፣ የትሬሞን አባት። ኮች ቲ፣ ይለኛል፣ እንደምን ዋሉ። ዋሉ! በስድብ ቢቀበለኝ፣ ቢደነፋ፣ አንተ ውሻ ቢለኝ፣ ለዚያ መከላከያ አለኝ፣ ለስድብ ሁሌም አለኝ፣ እሱ ግን እጁን ታጥቦ፣ በጨርቅ አድርቆ፣ ሰላም አለኝ፣ እጁ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከበረዶ ጋር የዋለ እጅ። ንግግሩን ጨረሱ? ይላል፣ ለኔ ሳይሆን ለእናቱ። አላስጨረስኩትም፣ ትላለች። እማ፣ እስኪጨርስ ዝም እላለሁ ብለሽ ቃል ገብተሽልኝ ነበር እኮ! አልቻልኩማ፣ ልጄ፣ ደረቱ ጋ ሲደርስ አፌ አላስቀምጥ አለኝ።

ቆይ። ንግግሩን ጨረሱ ማለት ምን ማለት ነው።

ኮርዴል ወንበር ይስባል፣ ጉልበቱን በእጁ ደግፎ ይቀመጣል፣ ኮች፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይላል፣ ትሬሞን ከወሰነ ሳምንት ሆኖታል፣ እዚህ ቅርብ ያለችው ትንሿ ኮሌጅ ነው የሚገባው፣ በመኪና ሃምሳ ደቂቃ ናት፣ አንድ ነገር ቢሆን እደርሳለሁ። ታዲያ ልምጣ ስል ለምን እሺ አላችሁኝ? ድምፄ ከፍ አለ፣ ስንት ሰዓት እንደነዳሁ ታውቃለህ፣ በዚህ ዝናብ፣ አራት ሰዓት! አውቃለሁ፣ ለነዳጁ ይቅርታ፣ ግን ኮች፣ ገና ብዙ ሰው ይመጣበታል፣ ከፈረመም በኋላ እየመጡ ሐሳቡን ያስቀይሩታል፣ ዘመኑ እንደሱ ሆኗል፣ እና ጥሩ የሚናገር ሰው ምን እንደሚመስል በቅርብ እንዲያይ ፈልጌ ነው፣ እዚሁ፣ ጠረጴዛችን ላይ፣ እንዴት ደስ እንደሚል እንዲያውቀው፣ ከመጡት ሁሉ ደግሞ እርስዎን የሚያህል የለም። ስድብ አይደለም። እኔ ራሴ አሁን ብሰማዎት እፈርማለሁ።

ባዮሎጂ ክፍል እንቁራሪት አለች፣ በጀርባዋ ተዘርግታ፣ ሆዷ ተከፍቶ፣ ልጆቹ ዙሪያዋን። እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ክራባት ያሰርኩት። ልነሳ፣ መነሳት አለብኝ፣ ኮቴን አንስቼ፣ መልካም ዕድል ብዬ፣ ልጁ ያየኛል፣ አሁን አይስቅም፣ ኮች፣ ይላል፣ ወፍራም ድምፅ ነው ያለው ግን ልጅ ነው፣ እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እርስዎ ጋ ብመጣ ኖሮ፣ አራቱን ዓመት ይኖሩ ነበር?

በእርግጥ የኔ ልጅ። እነሆ፣ ምላሴ ላይ ነው፣ ከኔ ቀድሞ ተነስቷል፣ እንደ ውሻ ስሙን እንደጠሩት፣ በእርግጥ የኔ ልጅ፣ ግን ሃስኬል ከቴክሳስ ሰዎች ጋር ስለ አዲስ ሥራ እየተነጋገረ ነው፣ ሦስት ሰው ብቻ ነን የምናውቀው፣ በጥር ይሄዳል፣ ከነሰዎቹ ይሄዳል፣ ከሰዎቹ ውስጥ እኔ የለሁበትም፣ ማንም አልነገረኝም፣ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሲሸኙ አይቻለሁ፣ ትከሻዬን ሲመታ እጁ ቀለል ብሎ ነበር፣ ይታወቃል፣ እና ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ነው ይሄን ልጅ ልወስድ የመጣሁት፣ ለማን፣ ለባዶ ወንበር።

አልኖርም፣ እላለሁ። በየካቲት እንኳ መኖሬን እንጃ።

ቴሌቪዥኑ ስለ ሳሙና ያወራል። ኦራ ሊ ተነስታ ሳህኔን ታነሳለች፣ ቆም ትላለች ሳህኑን እንደያዘች፣ ያኔ እንደዚህ ብትለኝ፣ እኔ ላልቆይ እችላለሁ ብትለኝ፣ እልከው ነበር እኮ፣ ትላለች፣ ልጁም መሄድ ፈልጓል፣ እልከው ነበር፣ እኔ ማወቅ የፈለግኩት ማንን እንደምጠራ ነበር። ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እላለሁ፣ ሚስ ኦራ ሊ፣ ከልቤ፣ እና ስሰማው ያው ነው፣ ያው ዝቅ ያለ፣ ከሆድ የሚወጣ፣ የሳሎን ድምፅ፣ ሌላ ድምፅ ፈልጌ አጣሁ፣ ከየት ላምጣ፣ እየለመንኩም እየሸጥኩ ነው የምመስለው፣ እኔው ራሴ አላመንኩትም እሷ እንዴት ታምነዋለች። ሰምቼሃለሁ፣ ትላለች፣ ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፣ ወደ ማጠቢያው ትሄዳለች፣ ውሃው ይወርዳል።

ኮቴን አነሳለሁ። አባትና ልጅ ይሸኙኛል፣ በጓሮ በኩል፣ መኪናዬ እዚያ ናት፣ ዝናቡ አባርቷል ሣሩ ርሷል፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ሃስኬል ነው፣ ከሱ ሌላ ማን ይደውልልኛል፣ ምን ብዬ ልመልስለት፣ ቤተሰቡ ወደደኝ ልበለው፣ ትምህርት ሰጥቼ ወጣሁ ልበለው፣ ይጥራ። ኮች፣ ይላል ኮርዴል፣ እኔን እኮ አንድ ቀን እንኳ አላሠለጠኑኝም። እንደ ወቀሳ አላለውም፣ አሁን ገና ትዝ እንዳለው ነገር ነው ያለው፣ እና እውነት ነው፣ ሲፈርም አየሁት እንጂ ሜዳ ላይ አጠገቡ ቆሜ አላውቅም፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ይገርማል። ይሄ ልጅ፣ ይላል ቀጥሎ፣ መንገድ ሊያስለቅቀው ገፊው ሲመጣበት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እኔ የማውቀውን ነግሬዋለሁ፣ ያሳዩት እስኪ፣ እዚህ ከደረሱ አይቀር።

ኮቴን አውልቄ የመኪናው ጣሪያ ላይ እጥላለሁ፣ ክራባቴን ወደ ሸሚዜ ውስጥ እከታለሁ፣ ና አንተ፣ ቁም እዚህ፣ እኔ ገፊው ነኝ፣ ስመጣብህ ምን ታደርጋለህ፣ እመጣለሁ፣ ቀጥ ይላል፣ ደረቱን ይሰጠኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ገፋሁት፣ ምንድነው እሱ! ደረትህን ለምን ትሸልመኛለህ! ዝቅ! ትከሻህ ከትከሻዬ በታች፣ እጅህ ከውስጥ፣ ከብብቴ ሥር፣ ክርንህን ሰብስብ፣ ክንፍ አለህ እንዴ፣ ድገም፣ ድገም፣ እግርህ ተኛ፣ ድገም፣ ሰባተኛው ላይ ገባው፣ ገጭ አለብኝ፣ ትንፋሼ ወጣ፣ ይሄዋ! ጫማዬ ጭቃ ሆኗል፣ ፈገግ አላልኩም፣ ከመጣሁ ጀምሮ ፊቴን የረሳሁት አሁን ነው፣ ይሄን ነበር የምችለው፣ ጌታ ሆይ፣ ይሄን ብቻ ነበር የምችለው፣ ለዚህ ነበር የገባሁት።

እስኪ እኔንም፣ ይላል ኮርዴል።

ከወጥ ቤቱ መስኮት፣ ኮርዴል! ጉልበትህን! አንዴ ብቻ ነው እማ። በቦት ጫማው ሣሩ ላይ ይቆማል፣ ዝቅ ይላል፣ ጉልበቱ ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ እንደ ደረቅ እንጨት፣ ተው ልለው እፈልጋለሁ፣ አልለውም፣ እመጣበታለሁ፣ በቀስታ አይደለም፣ በቀስታ መምጣት ንቀት ነው፣ እና ወገቡ ይታጠፋል፣ ከጉልበቱ በፊት፣ ያ ወገብ፣ ሃያ ዓመት ዓሣ ሲዘለዝል የኖረ ሰውዬ እጁ ከብብቴ ሥር ገብቶ ከመሬት ያነሳኛል፣ እግሬ ሣሩን ለቀቀ፣ ጀርባዬ አጥሩ ላይ ነው፣ ያን ያህል ፈጣን፣ ማንም ያላስተማረው፣ እና ልክ ነበርኩ፣ ስለዚህ ሰው ያልኩት ሁሉ ልክ ነበር፣ አንድም አላጋነንኩም፣ ይሄ ሰው እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን አገር ቁጭ ብሎ የሚያየው ተጫዋች ይሆን ነበር፣ ውሸቱ እኔ ነበርኩ፣ ከዚያ ሁሉ እውነት ውስጥ እኔ ብቻ፣ ደህና ነዎት ኮች? ይላል፣ ያለከልካል፣ አንድ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ አሞታል፣ ደህና ነኝ፣ ክርንህ ወጣ ኮርዴል፣ ግራው፣ ትንሽ ወጣ፣ ሰብስበው፣ አንዴ ድገመው፣ እላለሁ፣ እሱም ዝቅ ይላል፣